ፊትም እንደ ፊደል ይነበባል
(ሕፃናት የሌላውን ሰው ስሜት እንዲረዱ ስለ ማስተማር)

መግቢያ

አንድ ሕፃን ሲሮጥ እንቅፋት መትቶት ቢወድቅ፣ በአጠገቡ ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ «እኔን!» ይላል። ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ አይጠይቅም። ቃሉ ከአፉ ያመልጠዋል። «እኔን» ማለት «ላንተ የመጣው ሕመም እኔን ያግኘኝ» ማለት ነው። ቀጥሎም «አይዞህ» ብሎ ያነሳዋል፤ አቧራውን ያራግፍለታል።

እነዚህ ሁለት ቃላት አጫጭር ናቸው። ነገር ግን ትልቅ ነገር ይዘዋል። የልጁ ሕመም ለእኛም ተሰምቶናል ማለት ነው። በዚህ ትምህርት «የሌላውን ሰው ስሜት መረዳት» የምንለው ይህንኑ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚባል አባባል አለ። የራሱ ቁስል ሲነካ ይጮኻል፤ የሰው ቁስል ሲነካ ግን ምንም አይመስለውም። እንዲህ ያለ ሰውም በየመንደሩ አይጠፋም።

ታዲያ አንዱ ልጅ «እኔን» የሚል ሰው ሆኖ ሲያድግ፣ ሌላው በሰው ቁስል እንጨት የሚሰድ የሚሆነው ለምንድን ነው? ልጆች በተፈጥሯቸው ይለያያሉ። አንዱ ቶሎ ይራራል፤ አንዱ ይዘገያል። ይሁን እንጂ ሁሉም ሊማሩት የሚችሉት ነገር ነው። የሚያስተምራቸው ሰው ግን ያስፈልጋል።

እናቶችና አባቶች! ይህን ነገር እናንተ ከማንም በተሻለ ታውቁታላችሁ። ፊደል ከመቁጠራችሁ በፊት ጽሑፍ በዓይናችሁ ፊት ነበር። በማዳበሪያ ከረጢት ላይ፣ በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ፣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ተጽፎ ታዩት ነበር። ዓይናችሁ ያያል፤ ግን አይነበብም ነበር። አንድ ሰው ጣቱን አሳርፎ «ይህ 'መ' ነው፤ ይህ 'ሙ' ነው» ባላችሁ ጊዜ ነው ጽሑፉ መናገር የጀመረው።

የሰው ፊትም እንዲሁ ነው። ልጅ የጓደኛውን ፊት በየቀኑ ያያል። ፊቱ መጨማደዱን፣ ዓይኑ እንባ መሙላቱን፣ አንገቱን መድፋቱን ያያል። «ይህ ማፈር ነው፤ ይህ መፍራት ነው፤ ይህ መናፈቅ ነው» ብሎ የሚያሳየው ሰው ካላገኘ ግን በደንብ አያነበውም። ስለሆነም ፊትም እንደ ፊደል ይነበባል እንላለን።

1. ሕፃን ይዞት የሚወለደው

ሕፃን ሲወለድ የርኅራኄን ዘር ይዞ ይወለዳል። አራስ ሕፃን የሌላ አራስ ልቅሶ ሲሰማ አብሮ ያለቅሳል። በጤና ጣቢያ የወለዱ እናቶች ይህን አይተው ይሆናል። አንዱ ሲጀምር ሌላውም ይከተላል። አራሱ የሌላውን ችግር አውቆ አይደለም። ነገር ግን የሌላው ድምፅ እርሱንም ነክቶታል።

አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሞላው ሕፃን መርዳት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት ተመራማሪዎች በጀርመን አገር የሠሩት ሙከራ ይህን አሳይቷል። የተመራማሪዎቹ ስም ፊሊክስ ቫርነከንና ማይክል ቶማሴሎ ይባላል። በሙከራው አንድ ሰው ልብስ ሲያሰጣ የልብስ መቆንጠጫው ከእጁ ይወድቃል። ሰውየው እጁን ቢዘረጋም አይደርስበትም። በአጠገቡ የነበሩት የ18 ወር ሕፃናት አብዛኞቹ ራሳቸው ሄደው አንስተው ሰጡት። ማንም አላዘዛቸውም፤ ሽልማትም አልተሰጣቸውም። ሰውየው መቆንጠጫውን ሆን ብሎ ሲጥለው ግን ብዙውን ጊዜ አላነሱለትም። እንግዲህ ሕፃናቱ የተቸገረውን ካልተቸገረው ለይተዋል ማለት ነው።

ሌላም ምርመራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ አገር የታተመ ነው። አንዲት ሴት በሕፃናት ፊት ሁለት ዓይነት ምግብ ትቀምሳለች። አንዱ ብስኩት ነው። ሌላው ብሮኮሊ የሚባል፣ ከጎመን ወገን የሆነ አትክልት ነው። ሴትዮዋ ብስኩቱን ስትቀምስ ፊቷን ታጨማድዳለች፤ አትክልቱን ስትቀምስ ግን ደስ ይላታል። ከዚያም እጇን ዘርግታ «ስጡኝ» ትላለች። የ14 ወር ሕፃናት ራሳቸው የሚወዱትን ብስኩት ሰጧት። የ18 ወር ሕፃናት ግን እርሷ የወደደችውን አትክልት ሰጧት። በ4 ወር ልዩነት አንድ ትልቅ ነገር አወቁ። ይኸውም «እኔ የምወደውን ሌላው ላይወድ ይችላል» የሚለው ነው።

ሆኖም የሌላውን ሐሳብ መረዳት ጊዜ ይፈልጋል። ለምሳሌ እንዲህ እንበል። አንድ ልጅ ቆሎውን በቁና ውስጥ አስቀምጦ ከብት ሊመልስ ወጣ። እርሱ ሳያይ እናቱ ቆሎውን ወደ ሌማት አዛወረችው። ልጁ ሲመለስ ቆሎውን የት ይፈልገዋል? እኛ «በቁናው ውስጥ ነዋ» እንላለን። የ3 ዓመት ሕፃን ግን አብዛኛውን ጊዜ «በሌማቱ» ይላል። እርሱ የሚያውቀውን ሌላው ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል። ከ4 ዓመት ገደማ ጀምሮ ብዙ ልጆች ትክክለኛውን መልስ እየሰጡ ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሁለት ተመራማሪዎች ይህን በመሰለ ታሪክ ልጆችን ጠይቀው የደረሱበት ነገር ነው።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅመናል? የ2 ወይም የ3 ዓመት ሕፃን የጓደኛውን ነገር ነጥቆ ቢሮጥ «ይህ ልጅ ክፉ ነው» እንላለን። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ገና ስላልበሰለ ነው። ጤፍ በሰኔ ተዘርቶ በሐምሌ አይታጨድም። ከ4 እስከ 7 ባለው ዕድሜ ግን ማሳው ለዘር የደረሰ ነው። ይህ ወቅት በዋዛ እንዳያልፈን መጠንቀቅ አለብን።

2. ዘሩን የሚያደርቁት ነገሮች

ዘር መልካም ሆኖ ሳለ በድርቅ ወይም በአረም ሊጠፋ ይችላል። የልጅንም ርኅራኄ የሚያደርቁ ልማዶች አሉ። ብዙዎቹን የምንፈጽማቸው ሳናውቅ ነው።

ሀ) የልጅን ልቅሶ መናቅ። ልጅ ሲፈራ ወይም ሲያዝን «ዝም በል! አያ ጅቦ መጣልህ!» ይባላል። ወንድ ከሆነማ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ይባላል። ልጁ ዝም ይላል። ግን ምን ተማረ? ማዘን የሚያሳፍር ነገር መሆኑን ተማረ። በራሱ ሐዘን ያፈረ ልጅ የሌላውን ሐዘን ሲያይ ይስቃል እንጂ «አይዞህ» አይልም።

ለ) ድንጋዩን መምታት። ልጅ ሲወድቅ አንዳንዶቻችን «የታለች የመታችህ? ቆይ!» ብለን መሬቱን ወይም ድንጋዩን እንመታለን። ልጁም ይስቃል። ይህን የምናደርገው በፍቅር ነው። ነገር ግን «ሲያምህ የምትመታውን ፈልግ» ብለን እያስተማርነው ነው። በምትኩ የቆሰለውን ጉልበቱን እንጠብለት፤ «አይዞህ» እንበለው። ሲያመው የሚታከም መሆኑን ይማር።

ሐ) ማሾፍ። የሚንተባተበውን ልጅ አነጋገር እየቀዱ መሳቅ፣ የሚያነክሰውን በአካሄዱ መጥራት በየደጁ የሚታይ ነገር ነው። ትልቅ ሰው ሲስቅ ልጅ ያያል። ያየውን ያደርጋል።

መ) ዱላ። በዱላ የሚያድግ ልጅ ሲያጠፋ የሚያስበው ስለ ራሱ ጀርባ ነው። «ይገርፉኝ ይሆን?» ይላል። የመታው ልጅ ምን እንደተሰማው ለማሰብ ጊዜ የለውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። እንግዲህ ዱላ ትምህርትን የሚጎዳ ብቻ ሳይሆን በትምህርት ቤት ሕግም የሚከለክለው ነው።

3. በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ይህን ትምህርት ለማስተማር ገንዘብ አያስፈልግም። እርሻና ማጀት እየተሠራ፣ ከብት እየተጠበቀ ይሰጣል።

1ኛ. የስሜትን ስም እናስተምር። ልጅ የላምን፣ የበግን፣ የበሬን ስም እንደሚማር ሁሉ የስሜትንም ስም ይማር። «እህትህ እናቷ ገበያ ስለሄደችባት ናፍቃለች።» «ወንድምሽ ወተቱ ስለተደፋበት ደንግጧል።» እንዲህ እያልን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ብንናገር ልጁ ፊትን ከስሙ ጋር ያያይዛል። የልጁንም የራሱን ስሜት እንንገረው። «ተናደሃል አይደል? አየሁህ» ስንለው ይረጋጋል። የራሱ ልቅሶ ሰሚ ያገኘ ልጅ የሌላውን ልቅሶ መስማት ይችላል።

2ኛ. ምክንያቱን እንንገር። ልጅ ሌላውን ሲመታ «ተው ብያለሁ!» ብሎ መጮኽ ብቻ አይበቃም። ዝቅ ብለን ዓይኑን እያየን፣ «ስትመታው አመመው። እይ፣ እጁን ይዞ እያለቀሰ ነው» እንበለው። በልጆች አስተዳደግ ላይ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ጥፋታቸው ሌላውን እንዴት እንደጎዳ የሚነገራቸው ልጆች በማስፈራራት ብቻ ከሚያድጉት ይልቅ ሌላውን ለመርዳት የፈጠኑ ይሆናሉ።

3ኛ. የበደለውን እንዲክስ እንርዳው። ብዙ ጊዜ የልጁን አንገት ይዘን «በል ይቅርታ ጠይቅ!» እንላለን። ልጁም መሬት መሬቱን እያየ «ይቅርታ» ብሎ ይሮጣል። ቃሉ ተነገረ፤ ልቡ ግን አልተነካም። በዚህ ፈንታ «አሁን እንዲሻለው ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብለን እንጠይቀው። ውኃ ያምጣለት፤ የበተነበትን ጠጠር ይልቀምለት፤ አብሮት ይቀመጥ። የካሰ ልጅ የጎዳውን ነገር ያስታውሳል።

4ኛ. በእንስሳት እናስተምር። አህያ ጀርባዋ ሲላጥ፣ ውሻ በድንጋይ ሲመታ ሕመሙን መናገር አይችልም። ልጁ እረኛ ከሆነ «ጀርባዋን እይ፤ እዚህ ስትነካት ለምን ሸሸች?» እንበለው። አፍ የሌለውን ፍጡር ሕመም ማንበብ የቻለ ልጅ የሰውን ፊት ለማንበብ አይቸገርም።

5ኛ. በተረት እናስተምር። ማታ እሳት ዳር «ተረት ተረት» ስንል ልጆች «የላም በረት» ይላሉ። ጦጣ ጅብን አታልላ ስታመልጥ ሁላችንም እንስቃለን። መልካም ነው። ግን አንዳንድ ጊዜ በመሃል ቆም እንበል። «አሁን ጦጣዋ ምን ተሰማት? ጅቡስ ያመነው ሰው ሲያታልለው ምን ተሰማው?» ብለን እንጠይቅ። ትክክል ነው ስህተት ነው አንበል። ልጆቹ ይናገሩ።

4. በሕፃናት ክፍል ውስጥ

በአገራችን በ2002 ዓ.ም. የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ በብዙ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ «ኦ ክፍል» ወይም «ዜሮ ክፍል» የሚባል የሕፃናት ክፍል ተከፍቷል። ልጆች 1ኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት የሚማሩበት ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ይህን የቅድመ አንደኛ ትምህርት 2 ዓመት አድርጎታል። ብዙ ወላጆች «ልጄ እዚያ ምን ይማራል? ሲጫወት ነው የሚውለው» ይላሉ። መጫወቱ ራሱ ትምህርት ነው። ልጅ ከእናቱና ከወንድሞቹ ውጭ ካሉ 40 ወይም 50 ልጆች ጋር መዋል የሚማረው እዚያ ነው። ተራ መጠበቅ፣ ማካፈል፣ የተገፋውን ማንሳት የሚለመደው እዚያ ነው።

በሌላ አገር ከተሠራው ውስጥ አንድ ምሳሌ እንመልከት። በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ሜሪ ጎርደን የተባሉ መምህርት እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ ዘዴ ጀመሩ። ከሰፈሩ አንዲት እናት ወይም አንድ አባት ጥቂት ወር የሆነውን ሕፃን ይዘው በወር አንድ ጊዜ ያህል ወደ ክፍል ይመጣሉ። ሕፃኑ ምንጣፍ ላይ ይተኛል። ተማሪዎች ከብበውት ይቀመጣሉ። አስተማሪዋ «አሁን ለምን ያለቀሰ ይመስላችኋል? ምን ይፈልጋል?» እያለች ትጠይቃቸዋለች። ሕፃኑ መናገር ስለማይችል ተማሪዎቹ ፊቱንና እጁን አይተው መገመት አለባቸው። ከወር ወር ሲያድግ ያዩታል። ከዚያም ስለራሳቸው ስሜት መናገር ይጀምራሉ። ይህ ዘዴ ከካናዳ ወጥቶ ወደ ሌሎች አገሮችም ተስፋፍቷል።

እኛስ ይህን ለማድረግ ምን ያንሰናል? በእናቱ ጀርባ ላይ የታዘለ ሕፃን በየቤቱ አለ። አንዲት እናት በወር አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ሰጥታ ሕፃኗን ይዛ ወደ ክፍል ብትገባ መምህሯ የምታስተምርበት ሕያው መጽሐፍ አገኘች ማለት ነው።

አሁን ደግሞ በየገጠሩ ሊያጋጥም ስለሚችል አንድ ከባድ ነገር እንነጋገር። ለምሳሌ እንዲህ እንበል።

በአንድ የሕፃናት ክፍል የሸክላ ሠሪ ልጅ ገባች። ዕድሜዋ 6 ዓመት ነው። ልጆቹ ከአጠገቧ ተነሥተው ራቅ ብለው ተቀመጡ። አንዱ «ቡዳ ናት፤ ትበላናለች» አለ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። የያዘችውን ቆሎ መልሳ በቀሚሷ ጫፍ ቋጠረችው።

መምህሯ ይህን አየች። ዱላ አላነሳችም። ልጁንም በሰው ፊት አላዋረደችውም። እንዲህ ስትል ጠየቀች፦

«ልጆች፣ ዛሬ ጧት እንጀራ የበላ ማን ነው?»

ሁሉም እጃቸውን አወጡ።

«እንጀራው በምን ላይ ተጋገረ?»

«በምጣድ!»

«ወጡስ በምን ተሠራ?»

«በድስት!»

«ቡናውስ?»

«በጀበና!»

«ምጣዱን፣ ድስቱን፣ ጀበናውን ማን ሠራው?»

ልጆቹ ዝም አሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ልጅ «የርሷ እናት» አለች።

በማግሥቱ መምህሯ ጭቃ አዘጋጀች። ልጆቹ ሁሉ ትናንሽ ድስት እንዲሠሩ አዘዘች። የብዙዎቹ ተሰነጠቀ። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ግን ጭቃውን አሸች፤ ጠጠሩን ለቀመች፤ ትንሽ አሸዋ ጨመረችበት። ድስቷ አልተሰነጠቀም። ያን ጊዜ ልጆቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ወደ እርሷ ቀረቡ። «እንዴት አድርገሽ ነው?» አሏት። እርሷም የሁሉንም ጭቃ እያሸች አሳየቻቸው። «ትበላናለች» ያለው ልጅ ድስቱን ይዞ ከኋላ ቆሞ ነበር። መምህሯ ወደ እርሱ ጠጋ ብላ በቀስታ፣ «ትናንት ያን ቃል ስትላት ፊቷ ምን ይመስል ነበር?» አለችው። «አንገቷን ደፋች» አለ። «ለምን ይመስልሃል?» አለችው። ልጁ ብዙ ዝም ካለ በኋላ «አፍራ ነው» አለ።

ይህ ልጅ ያን ቀን አንድ ፊደል አነበበ።

5. ማታ ቤት ሲገባስ?

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ልጁ ማታ ቤቱ ገብቶ «ዛሬ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ድስት አሠራር አሳየችኝ፤ ቆሎዋንም አካፈለችኝ» ብሎ ለእናቱ ይነግራል። እናቱ ምን ትለዋለች?

«ምን? ከርሷ እጅ በላህ? ሁለተኛ እንዳትጠጋት!» ብትለው መምህሯ በሁለት ቀን የሠራችው በአንድ ቃል ፈረሰ። ልጁ ከመምህሯ ይልቅ እናቱን ያምናል። «ጎበዝ! ነገ ደግሞ አንተ ቆሎ ይዘህላት ሂድ» ብትለው ግን ያ ትምህርት ለዘለዓለም ይጸናል።

ይህ ልማድ ስንት ሰው እንደጎዳ ሁላችንም እናውቃለን። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፣ ሸማውን የሚሠራው፣ ምጣዱን የምትሠራው፣ ቆዳውን የሚያለፋው ሰው ሥራው ይፈለጋል፤ ራሱ ግን ይናቃል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በራሱ ጉልበት ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ መሬት እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር። አዋጅ መሬት ይሰጣል። አዋጅ ግን ልጆችን በአንድ ገበታ ዙሪያ አያስቀምጥም። ይህን የሚያደርጉት እናትና አባት ናቸው።

ቡዳ የሚባለው ነገር በሽታን አያመጣም። ልጆች ሲታመሙ ምክንያቱ ያልተጣራ ውኃ፣ ወባ፣ የሳንባ ምች፣ የምግብ ማነስና ይህን የመሳሰለው ነው። መድኃኒቱም ጤና ጣቢያ እንጂ ጎረቤትን መሸሽ አይደለም። ይልቁንም የሸሸናት ልጅ ትታመማለች። የምትታመመው በሐፍረት ነው። ቀስ በቀስም ትምህርቷን ትታ ትቀራለች። ምናልባት ሐኪም ወይም መምህርት ትሆን የነበረች ልጅ በልጆች ቃል ከትምህርት ቤት ትወጣለች። ቃሉን ለልጆቹ ያስተማረው ግን ትልቅ ሰው ነው።

የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ለምሳሌ አነሣን እንጂ ወላጅ የሞተባት፣ ዓይኑ የማያይ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ከሌላ አካባቢ ተፈናቅሎ የመጣ ልጅም እንዲሁ ነው። እነዚህን ልጆች «ወይ ምስኪን!» ብሎ ከንፈር መምጠጥ ብቻ አይበቃም። ከንፈር የሚመጥ ሰው ራቅ ብሎ እንደቆመ ነው። ስሜቱን የተረዳ ሰው ግን ቀረብ ብሎ «ምን ልርዳህ? ና አብረን እንጫወት» ይላል። ልጆቻችን ይህንን ልዩነት እንዲያውቁ እንፈልጋለን።

6. «ይህ ልጅን አያልፈሰፍስም ወይ?»

አንዳንድ አባቶች «እንዲህ አድርገን ካሳደግነው ልጁ ልፍስፍስ ይሆናል፤ ሰው ይበላዋል» ይላሉ። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ኑሮ ከባድ ነው፤ ልጅም መጠንከር አለበት።

ነገር ግን እስቲ እናስተውል። ጎረቤቱ ታሞ ማሳው ሳይታጨድ የቀረ እንደሆነ ማን ነው ደቦ የሚጠራው? የተጎዳውን ያየ ሰው ነው። እድርን ያቆመው ምንድን ነው? የሌላውን ሐዘን የራስ አድርጎ ማየት ነው። ከብት ሲታመም ቀድሞ የሚያውቀው የትኛው እረኛ ነው? የእንስሳውን ዓይንና አካሄድ ማንበብ የሚችለው ነው። የሰውን ስሜት መረዳት ድካም ሳይሆን አብሮ የመኖር ጉልበት ነው።

ርኅሩኅ ልጅ ሁሉን እሺ የሚል ልጅ ማለትም አይደለም። ሲበደል «ተው፣ ይህ አመመኝ» ብሎ መናገር የሚችለው የስሜትን ስም የሚያውቀው ልጅ ነው። ስሙን የማያውቀው ወይ ዝም ብሎ ይገፋል፤ ወይ ድንጋይ ያነሣል።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። በሊጥ ነገር እውነት ይሆናል። በዚህ ነገር ግን ልጅ ያቦካው ለመንደር ሁሉ ይበቃል። ዛሬ በሕፃናት ክፍል አብረው ጭቃ የሚያቦኩት ልጆች ከ20 ዓመት በኋላ በአንድ እድር፣ በአንድ ሸንጎ፣ በአንድ ውኃ ዳር የሚገናኙ ሰዎች ናቸው። በዚያን ጊዜ በድንበርና በግጦሽ ቢጣሉ አንዱ የሌላውን ፊት ማንበብ ይችል እንደሆነ ወይም አይችል እንደሆነ የሚወሰነው ዛሬ ነው።

ማጠቃለያ

በዚህ ትምህርት የሚከተሉትን ተመልክተናል።

— ሕፃን የርኅራኄ ዘር ይዞ ይወለዳል፤ ዘሩ ግን እንክብካቤ ይፈልጋል።
— ልጅ የሌላውን ስሜት የሚማረው በምክር ብቻ አይደለም። የራሱ ልቅሶ ሲሰማለት፣ የሌላው ፊት ሲነበብለት፣ ያጠፋውን እንዲክስ ሲረዳ ነው።
— ማስፈራራት፣ ማሾፍና ዱላ ዘሩን ያደርቃሉ።
— ትምህርት ቤት ብቻውን አይበቃም። መምህር የዘራውን ወላጅ ማታ ቤት ውስጥ ሊነቅለው ወይም ሊኮተኩተው ይችላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. «እኔን!» የሚለው ቃል ትርጉም ምንድን ነው? በአካባቢያችሁ ለዚህ የሚባል ሌላ ቃል አለ?
2. የ3 ዓመት ሕፃን የሌላውን ነገር ቢነጥቅ ክፉ ነው ማለት ይቻላል? ለምን?
3. ልጅ ሲወድቅ ድንጋዩን መምታት ለልጁ ምን ያስተምረዋል?
4. በክፍሉ ውስጥ «ትበላናለች» ያለው ልጅ ይህን ቃል ከማን የሰማ ይመስላችኋል?
5. በመንደራችሁ ልጆች የማይጫወቱበት ልጅ አለ? ለምን? እናንተስ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ?

በዚህ ሳምንት የሚሠራ

ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ወይም ከጥበቃ ሲመለስ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብላችሁ ትጠይቁት ይሆናል። በዚህ ሳምንት አንድ ጥያቄ ጨምሩ። «ዛሬ ያዘነ ልጅ አይተሃል? ምን አደረግህለት?» በሉት። መልሱን በደብተራችሁ ላይ በሁለት ወይም በሦስት መስመር ጻፉና በሚቀጥለው የትምህርት ቀን ለጓደኞቻችሁ አንብቡ።

የቃላት ፍች

ስሜት — በልብ ውስጥ የሚሰማ ነገር፤ ደስታ፣ ሐዘን፣ ፍርሃት፣ ሐፍረት፣ ንዴት፣ ናፍቆት።
ርኅራኄ — ለሌላው ማዘንና መራራት።
መካስ — የጎዱትን ሰው ወይም ያበላሹትን ነገር ማስተካከል።
ማዕቀፍ — ሥራ የሚመራበት ዋና ዋና ሐሳብ የተጻፈበት ሰነድ።
ደቦ — ጎረቤቶች ተጠራርተው የአንድን ሰው ሥራ በጋራ መሥራት።